ክለባችንን ባለሀብቶች ሊረከቡት ነው፤ እንፈርም ወይስ እንተው?

ጥያቄ፦ የአንድ ትንሽ የማኅበረሰብ እግር ኳስ ክለብ ጸሐፊ ነኝ። ክለቡ የአባላት ማኅበር ሆኖ የተመዘገበ ነው። ዛሬ 340 አባላት አሉን፤ ሁሉም ዓመታዊ መዋጮ ይከፍላሉ። ሜዳው በክለቡ ስም ነው። በቅርቡ ሦስት ባለሀብቶች መጡና «ክለቡን እንረከብ፤ ዕዳችሁን እንከፍላለን፣ ሜዳውን እናድሳለን» አሉን። ባለ ሦስት ገጽ የመግባቢያ ሰነድ ሰጥተውናል። ፕሬዚዳንቱና እኔ በ10 ቀን ውስጥ እንድንፈርም ይፈልጋሉ። ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ «ዕድል ነው፣ ደግሞም መግባቢያ ብቻ ስለሆነ አያስርም» ይላል። ግማሹ «ክለቡ ሊበላ ነው» ይላል። ሰነዱን አያይዤ ልኬያለሁ። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። እርስዎና ፕሬዚዳንቱ ብቻችሁን ልትፈርሙ አትችሉም። ብትችሉም እንኳ ይህን ሰነድ እንዳለ መፈረም የለባችሁም። እንዲህ ስል ባለሀብቶቹ ክፉ ሰዎች ናቸው ማለቴ አይደለም። ሰዎቹን አላውቃቸውም። ሰነዳቸውን ግን አንብቤዋለሁ።

ሦስቱን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩ። በሁለተኛው ዙር እርሳስ ይዤ ግሶቹን ብቻ አሰመርኩባቸው። ባለሀብቶቹ በተጠቀሱበት ቦታ ሁሉ «ያቅዳሉ»፣ «ያስባሉ»፣ «ጥረት ያደርጋሉ» ይላል። ክለቡ በተጠቀሰበት ቦታ ደግሞ «ያስረክባል»፣ «ያስተላልፋል»፣ «ይገደዳል» ይላል። የሜዳው እድሳት «ይታሰባል»፤ የሜዳው ርክክብ ግን «ይፈጸማል»። ዕዳው የሚከፈልበት ቀን አልተጻፈም። እናንተ ቁልፍ የምታስረክቡበት ቀን ግን ተጽፏል። በሚቀጥለው ስብሰባ እነዚህን ግሶች ጮክ ብለው ለኮሚቴው ያንብቡላቸው። የክርክሩ ግማሽ እዚያው የሚያልቅ ይመስለኛል።

«መግባቢያ ስለሆነ አያስርም» የሚለው ሐሳብ ብዙዎችን አሳስቷል። ዳኛ ርዕሱን ሳይሆን ውስጡን ነው የሚያየው። አንቀጽ 7ን ይመልከቱ። ክለቡ ለ90 ቀን ከማንም ሌላ ወገን ጋር እንዳይደራደር ይከለክላል። ይህ ግልጽ ግዴታ ነው። ዕዳ ያስጨነቀው ክለብ ለ3 ወር እጁ ከታሰረ፣ በ91ኛው ቀን ዋጋው ወርዶና ሌላ አማራጭ አጥቶ ነው የሚገኘው። ባለሀብቶቹ ብቻቸውን መደራደር ከፈለጉ 30 ቀን በቂ ነው። ለእሱም ቢሆን የሆነ ነገር መክፈል አለባቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። ክለቡ የማን ነው?

ክለባችሁ ማኅበር ከሆነ የኮሚቴው አይደለም። የፕሬዚዳንቱም አይደለም። አባላቱም ቢሆኑ እንደ አክሲዮን ቆርጠው የሚሸጡት የግል ድርሻ የላቸውም። ንብረቱ የማኅበሩ ነው፤ በማኅበሩ ላይ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ሕጉ ከአገር አገር ቢለያይም ኮሚቴ የዕለት ተዕለት ሥራ የሚሠራ አካል መሆኑ በብዙ ቦታ ያው ነው። ክለብን ማስተላለፍ፣ ሜዳ መሸጥ ወይም ደንብ መለወጥ የዕለት ተዕለት ሥራ አይደለም። ብዙ ጊዜ ልዩ ጉባኤ፣ በቂ የማስታወቂያ ጊዜና የሁለት ሦስተኛ ወይም የሦስት አራተኛ ድምፅ ይጠይቃል። ይህ ሳይሟላ የተፈረመ ውል ሊፈርስ ይችላል። ከዚያም የሚከሰሰው ባለሀብቱ ብቻ አይደለም፤ ያለ ሥልጣኑ የፈረመውም ሰው በግሉ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ እርስዎን የሚጠብቅዎት ጉባኤው ነው።

መተዳደሪያ ደንባችሁን ዛሬውኑ ያውጡት። የመጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን ማሻሻያዎቹን ሁሉ ከነቃለ ጉባኤያቸው ይሰብስቡ። ከዚያ ሰው ሁሉ ዘሎት የሚያልፈውን አንቀጽ ይፈልጉ፤ ክለቡ ቢፈርስ ንብረቱ ለማን እንደሚሆን የሚናገረውን። ብዙ የማኅበረሰብ ክለቦች «ቀሪው ንብረት ለሌላ የስፖርት ወይም የበጎ አድራጎት ተቋም ይሰጣል» የሚል አንቀጽ አላቸው። አሰልቺ የሚመስለው ይህ አንቀጽ የክለቡ ዋና አጥር ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ብራይተን የተባለው ክለብ የደረሰበትን ላንሳ። የክለቡ ደንብ ባለድርሻዎች ከክለቡ መፍረስ ትርፍ እንዳያገኙ የሚከለክል አንቀጽ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደንቡ ሲሻሻል ያ አንቀጽ ወጣ። ጉዳዩን ያጋለጠው ሰነዶቹን ቁጭ ብሎ ያገላበጠ ደጋፊ ነው። አንቀጹ በኋላ ቢመለስም ጎልድስቶን የሚባለው ሜዳ አልተመለሰም። እ.ኤ.አ. በ1995 ለአልሚ ድርጅት ተሽጦ ነበር፤ በ1997 የመጨረሻው ጨዋታ ተደርጎበት የገበያ ማዕከል ተሠራበት። ቡድኑ ለሁለት ዓመት 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሰው ሜዳ ተጫወተ። የራሱን ስታዲየም ያገኘው በ2011 ነው። ያ ደጋፊ ከዓመታት በፊት ደንቡን አንብቦት ቢሆን ኖሮ እላለሁ ሁልጊዜ።

ስለዚህ ባለሀብት ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ምን ያህል ይከፍላሉ?» አይደለም። «ሜዳውን ለምን ፈለጉት?» ነው። ቡድኑን ለማሳደግ የመጣ ሰው ሜዳው በስሙ እንዲዞር የግድ አያስፈልገውም። የረጅም ጊዜ ኪራይ ይበቃዋል። በሰነዳችሁ አንቀጽ 4 ላይ ሜዳው «ለአስተዳደር አመቺነት» ወደ ሌላ ኩባንያ ይዛወራል ይላል። እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ይህ ዓረፍተ ነገር ነው። ሜዳውና ቡድኑ ከተለያዩ ቡድኑ በገዛ ቤቱ ተከራይ ይሆናል። ኪራይ ሲጨምሩበትም መሄጃ የለውም። አንቀጽ 4 ይውጣ። ሜዳው በማኅበሩ ስም ይቆይ። ለባለሀብቶቹ ብድር መያዣ እንዳይሆንም በውሉ ይጻፍ፤ በመያዣ የሄደ ሜዳም የተሸጠ ያህል ነው።

የገንዘቡን ነገር ደግሞ እንየው። «ኢንቨስት እናደርጋለን» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። አንደኛው የማይመለስ ካፒታል ነው። ሁለተኛው ለክለቡ የሚሰጥ ብድር ነው። ብድር ከሆነ ባለሀብቶቹ የክለቡ ባለቤትም አበዳሪም ይሆናሉ። በሦስተኛው ዓመት ሲሰለቻቸው ክለቡን ጥለው ሊሄዱ፣ ዕዳውን ግን ሊጠይቁት ይችላሉ። «ዕዳችሁን እንከፍላለን» ማለት አንዱን አበዳሪ በሌላ መተካት ብቻ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ የትኛው እንደሆነ ባለሀብቶቹ በጽሑፍ ይመልሱ። ብድር ከሆነ ወለዱ፣ የመክፈያ ጊዜውና ሲወጡ የሚሆነው ነገር ይታወቅ።

ገንዘቡ መኖሩም ይረጋገጥ። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1885 የተመሠረተው በሪ የተባለ የእንግሊዝ ክለብ በታኅሣሥ 2018 በ1 ፓውንድ ለአዲስ ባለቤት ተላለፈ። ሊጉ ክለቡን የሚያስቀጥል ገንዘብ መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ ደጋግሞ ጠየቀ። አልቀረበም። በነሐሴ 2019 ክለቡ ከሊጉ ተባረረ። ዘጠኝ ወር እንኳ አልሞላም። እናንተ ከፊርማ በፊት የባንክ ማረጋገጫ ጠይቁ። የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብም በክለቡና በባለሀብቶቹ የጋራ ስምምነት ብቻ በሚንቀሳቀስ ዝግ ሂሳብ ይቀመጥ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ።

ከኮሚቴው አባላት አንዱ «አሮጌውን ክለብ ከነዕዳው ትተን በአዲስ ስም እንጀምር» ማለቱን ጽፈውልኛል። ሐሳቡ ይማርካል፣ ግን አያስኬድም። የፊፋ የዲሲፕሊን ደንብ ከ2019 ጀምሮ የስፖርት ወራሽ የሚለውን ጉዳይ በግልጽ ይዟል። አዲሱ ክለብ የአሮጌው ወራሽ መሆኑ የሚታየው በስሙ፣ በመቀመጫው፣ በማሊያው ቀለም፣ በተጫዋቾቹ፣ በባለቤቶቹና በሚጫወትበት ሊግ ነው። ወራሽ ከተባለ የአሮጌው ዕዳ ይከተለዋል። የቀድሞ አሠልጣኝ ደመወዝ ካለባችሁ ከባለሀብቶቹ አትደብቁት። ሁሉንም ዕዳ ዘርዝራችሁ አሳዩ። የደበቃችሁት ዕዳ ነገ ውሉን የሚያፈርሱበት ሰበብ ይሆናል።

በአንቀጽ 9 ላይ ደግሞ «ከተጫዋቾች ዝውውር ከሚገኘው ገቢ 40 በመቶ በቀጥታ ለባለሀብቶቹ» ይላል። ይህ በፍጹም አይሆንም። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 1 ቀን 2015 ጀምሮ ከክለብ ውጭ ያለ ሦስተኛ ወገን በተጫዋች የዝውውር ገቢ ላይ ድርሻ እንዳይኖረው ከልክሏል። ብትፈርሙ ቅጣቱ የሚያርፈው ክለቡ ላይ ነው። ይልቅ ሌላ ነገር ልንገራችሁ። ታዳጊዎችን የምታሠለጥኑ ክለብ ናችሁ። ተጫዋች በውሉ መሐል በገንዘብ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር፣ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ባለው ጊዜ ያሠለጠኑት ክለቦች ከዝውውሩ ክፍያ 5 በመቶውን በየድርሻቸው ይካፈላሉ። አንድ የእናንተ ልጅ ትልቅ ቦታ ከደረሰ ይህ ገንዘብ ይመጣል። እሱን የሚያስገኘው የምዝገባ ወረቀት ስለሆነ የታዳጊዎቹን መዝገብ ቅጂ ለማንም ሳታስረክቡ አስቀምጡ። ክለቦች ትልቁን ሂሳብ ሲያስሉ ይህን ደብተር ይረሱታል። አንድ ጊዜ ቢጫ የሆነና ጠርዙ የተበላ እንዲህ ያለ ደብተር ተገላብጦ የልጁ ስም ሲገኝ ጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት ሰዎች እንዴት እንደጮሁ አልረሳውም።

ስም፣ አርማና ቀለምም ስሜት ብቻ አይደሉም፤ ንብረት ናቸው። ካርዲፍ ሲቲ የተባለው የዌልስ ክለብ እ.ኤ.አ. በ2012 ሰማያዊ ማሊያውን ትቶ ቀይ እንዲለብስ በባለቤቱ ተወሰነ። ሰማያዊው የተመለሰው በ2015 ነው። ዊምብልደን የተባለው የለንደን ክለብ ደግሞ በ2002 ፈቃድ አግኝቶ በማግስቱ ዓመት ሚልተን ኪንስ ወደተባለ ሌላ ከተማ ሄደ። 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደጋፊዎቹ ሌላ ክለብ መሥርተው ከታች ጀመሩ። ወደ ቀድሞ ሠፈራቸው የተመለሱት በ2020 ነው። እናንተ ይህን ሁሉ በአንድ አንቀጽ ልትከላከሉት ትችላላችሁ። ስም፣ አርማ፣ ዋና ቀለምና የመጫወቻ ቦታ ያለ አባላት ጉባኤ ፈቃድ አይለወጡም ይባል። ይህ መብት ለማኅበሩ ይቅር፤ ባለሀብቶቹ ለሌላ ቢሸጡም የሚጸና ይሁን።

«ታዲያ ከባለሀብት ጋር መሥራት አይቻልም ወይ?» እንዳይሉኝ። ይቻላል። የጀርመን ክለቦች የሚከተሉት መንገድ ለእናንተ የሚስማማ ይመስለኛል። ማኅበሩ እንዳለ ይቆያል። ከሥሩ ቡድኑን የሚያስተዳድር ኩባንያ ይቋቋማል። ባለሀብት ወደ ኩባንያው ይገባል። ከድምፁ ግን 50 በመቶና አንድ ተጨማሪ ድምፅ ከማኅበሩ እጅ አይወጣም። ባለሀብቶቹ ቁጥጥሩን ካልያዝን ብለው ድርቅ ካሉ እንኳ ሬክሰም የተባለው የዌልስ ክለብ የሄደበትን መንገድ ተመልከቱ። ከ2011 ጀምሮ የደጋፊዎች ነበር። በኅዳር 2020 ራያን ሬይኖልድስና ሮብ ማኬልሄኒ የተባሉት ተዋናዮች ሊገዙት ሲመጡ ዕቅዳቸውን ለአባላቱ ራሳቸው ቀርበው አስረዱ። 2 ሚሊዮን ፓውንድ እናስገባለን ብለው ቁጥሩን ተናገሩ። ከዚያ አባላቱ ድምፅ ሰጡ። 98.6 በመቶው ደገፈ። ውጤቱን የምናውቀው ዛሬ ነው፤ አካሄዱ ግን ያኔም ትክክል ነበር። ማንም ከአባላት ጀርባ በ10 ቀን አልፈረመም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ከኮሚቴው ውስጥ በአዲሱ አደረጃጀት ደመወዝ ወይም ሥልጣን ቃል የተገባለት ሰው ካለ ያሳውቅ፤ ከድምፅም ይውጣ። እርስዎንም ይጨምራል። ፌዴሬሽኑና ሊጉም ከጉባኤው በፊት በጽሑፍ ይጠየቁ። የባለቤትነት ለውጥን ካላጸደቁ ሊጉ ውስጥ ያላችሁን ቦታ ልታጡ ትችላላችሁ፤ ከባለሀብቶቹ አንዱ ሌላ ክለብ ካለው ደግሞ ያኔውኑ ችግር ይነሳል።

ለባለሀብቶቹ የሚልኩትን ደብዳቤ አርቅቄልዎታለሁ። አክብሮት ይኑረው፣ በር አይዝጋ። ፕሬዚዳንቱ ይፈርምበት፤ ቅጂው በፋይል ይቀመጥ።

«ለክለባችን ስላሳያችሁት ፍላጎት እናመሰግናለን። ያቀረባችሁት ሰነድ በደንባችን መሠረት በጠቅላላ ጉባኤ መታየት ስላለበት በ10 ቀን ውስጥ ልንፈርም አንችልም። ልዩ ጉባኤ እንጠራለን፤ ቀኑን እናሳውቃችኋለን። እስከዚያው የገንዘባችሁን ምንጭና መጠን የሚያሳይ የባንክ ማረጋገጫ፣ የሦስታችሁንም ሌሎች የስፖርት ድርጅቶች ዝርዝር፣ እንዲሁም የምታስገቡት ገንዘብ ካፒታል ይሁን ብድር በጽሑፍ እንድትገልጹልን እንጠይቃለን። አንቀጽ 4 እና 9 ባሉበት ሁኔታ ለድርድር አይቀርቡም። በጉባኤው ላይ ራሳችሁ ተገኝታችሁ የአባላቱን ጥያቄ እንድትመልሱ ጋብዘናችኋል።»