ውሻው አኩርፎ ነው ወይስ ታሞ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከሐረሪ ክልል ኤረር ወረዳ ነው። ማሽላና ለውዝ አመርታለሁ፣ 22 ፍየሎችም አሉኝ። ፍየሎቹን ሌሊት የሚጠብቅልኝ መቻል የሚባል የ4 ዓመት ወንድ ውሻ ነው። ያሳደገውና የሚያበላው ትልቁ ልጄ ለትምህርት ድሬዳዋ ከሄደ ወዲህ፣ ዛሬ 14ኛ ቀኑ ነው፣ ምግቡን አይጨርስም። ቀን ሙሉ ይተኛል፣ ጅብ ሲመጣ እንኳ እንደ ድሮው አይጮህም። ትናንት ትንሿ ልጄ አንገቱን ስትዳብሰው አጉረመረመባት፤ አልነከሳትም። አፍንጫውም ደርቋል። ባለቤቴ ልጁን ናፍቆ አኩርፏል ትላለች፣ ጎረቤቶች ደግሞ አብዷልና ይገደል ይላሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይገደል የሚለውን ያቆዩት። በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘ ውሻ ምልክቱ ከታየበት ጀምሮ በየቀኑ እየባሰበት ይሄድና አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቀን ውስጥ ይሞታል። መቻል ግን 14 ቀን ከርሞ አሁንም ይንቀሳቀሳል፣ ትንሽም ቢሆን ይበላል። ይህ ከእብደት የሚያርቀው ነገር ነው። ሙሉ በሙሉ ነጻ ግን አያደርገውም፤ ምግብ ያስጠላው አንድ ነገር፣ ትናንት ያስጉረመረመው ሌላ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ጥላ ያለበት ቦታ ለብቻው ይታሰር፣ ውሃ ይቅረብለት፣ ልጆች አይንኩት።

ሁለት ነገር ያስታውሱ፤ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ የእብድ ውሻ ክትባት ወስዷል? ባለፉት ወራት ከጅብ ወይም ከማይታወቅ ውሻ ጋር ተናክሷል? ካልተከተበና ከተነከሰ ለእንስሳት ሐኪሙ ከሁሉ በፊት ይህን ይንገሩት። ታችኛው መንጋጋው ከወረደ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ ድምፁ ከተለወጠ፣ የኋላ እግሮቹ ከከዱት ወይም ድንጋይና እንጨት መንከስ ከጀመረ አይጠጉት፤ ወዲያው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጥሩ። «ውሃ ካልፈራ አላበደም» የሚባለው አደገኛ ስህተት ነው። ያበደ ውሻ ውሃው ዘንድ ሊሄድ ይችላል፤ የሚያቅተው መዋጥ ነው። ብዙ ሰው ጉሮሮው ላይ አጥንት የተሰነቀረበት መስሎት እጁን አፉ ውስጥ የሚከተውም በዚህ ምክንያት ነው፤ እርስዎ እንዳያደርጉት። ሰው ከተነከሰ ወይም ለሃጩ ቁስል ከነካ፣ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። የውሻውን መጨረሻ ልይ ወይም በመጀመሪያ የባህል መድኃኒት ልሞክር ማለት ሕይወት ያስከፍላል። ልጅዎን ጥርሱም ለሃጩም ካልነካት የሚያሰጋት ነገር የለም፤ ግን እጇን ገልጠው ጭረት እንደሌለው ይዩ።

አሁን ወደ ማጉረምረሙ ልምጣ። ያጉረመረመው አንገቱ ሲነካ ነው። ሲያጉረመርም እባክዎ አይምቱት። ማጉረምረም «አሞኛል፣ ተዉኝ» ማለቱ ነው፤ ስላጉረመረመ የተመታ ውሻ ሳያስጠነቅቅ መንከስን ይማራል። አንገት ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኙት የመዥገር ቁስል፣ ገመድ ወይም ሰንሰለት የበላው ሥጋ፣ ዝንብ እንቁላሏን ጥላበት ትል ያፈራ ቁስል፣ ወይም ያመረቀዘ ጆሮ ናቸው። የታሰረበት ገመድና አንገቱ መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት፤ ካልገባ ጠብቋል።

ምርመራውን ማለዳ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ያድርጉት፤ እብደትን የሚያስጠረጥሩት ምልክቶች አንዱም ከሌሉ ብቻ። መጀመሪያ ሳይነኩት ተኝቶ ሳለ ደረቱን ይቁጠሩ። ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ትንፋሽ ነው። በ30 ሰከንድ የቆጠሩትን በ2 ያባዙ፤ ዕረፍት ላይ ያለ ጤነኛ ውሻ በደቂቃ ከ10 እስከ 30 ጊዜ ይተነፍሳል። ቀጥሎ አንድ ሜትር ተኩል ያህል የጨርቅ መቀነት ይውሰዱ፤ አፉን አንድ ዙር አስረው ከአገጩ ስር ያቋልፉትና ከጆሮዎቹ ኋላ ይቋጩት። የሚያለከልክ ወይም የሚያስመልሰው ከሆነ አፉን አይሰሩ፣ ይታፈናል። ውሻው የለመደው ሁለተኛ ሰው ጭንቅላቱን ይያዝ።

ሙቀቱን በዲጂታል ቴርሞሜትር ይለኩ። ጫፉን ዘይት ወይም ቫዝሊን ቀብተው ከፊንጢጣው 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ያስገቡና ቴርሞሜትሩ እስኪጮህ ይጠብቁ። ጤነኛ ውሻ ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። በሰው ልክ አይዩት፤ 38.5 ለእኛ ትኩሳት፣ ለእሱ ጤና ነው። ጥላ ስር አርፎ ሳለ ከ39.5 ካለፈ ትኩሳት አለው። አፍንጫው መድረቁ ግን ምንም አይነግረንም፤ ተኝቶ የተነሳም ፀሐይ የሞቀም ጤነኛ ውሻ አፍንጫው ይደርቃል። ይልቅ ከንፈሩን ገልጠው ድዱን ይዩ። ሮዝ መሆን አለበት። በጣት ተጭነው ሲለቁት ነጣ ብሎ በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ ቀለሙ ይመለሳል። የነጣ ድድ ብዙ ጊዜ የደም ማነስ ምልክት ነው፤ መዥገር ወይም የአንጀት ትል ደሙን መጦት ሊሆን ይችላል። ቢጫ ከሆነ ጉበቱ ተጎድቷል ወይም ደሙ እየፈረሰ ነው። እንደ ጡብ የቀላ ድድ ሙቀት የመታው ውሻ ድድ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ካዩ ሆዱንና የጭኑን ውስጥ በቀዝቃዛ ውሃ እያራሱ ያራግቡለትና ወደ ሐኪም ይሩጡ። ከዚያ በትከሻዎቹ መካከል ያለውን ቆዳ ወደ ላይ ቆንጥጠው ይልቀቁ። ወዲያው ካልተመለሰ ውሃ ጠምቶታል። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን ቢያንስ 1 ሊትር ይፈልጋል፣ በኤረር ሙቀት ከዚያም በላይ።

እጅዎን በመንጋጋው ስርና ከኋላ ጉልበቱ ጀርባ ያሳልፉ፤ ንፍፊት ካበጠ ይሰማዎታል። ጆሮዎቹን ውስጥ፣ የእግሮቹን ጣቶች መካከል፣ ብብቱን ይፈትሹ፤ መዥገር የሚደበቀው እዚያ ነው።

በጻፉልኝ ላይ ተመሥርቼ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ኤርሊኪያ የሚባለውን መዥገር ወለድ በሽታ ነው። ቡናማው የውሻ መዥገር ከነከሰው ከ1 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ትኩሳት፣ ምግብ መጥላት፣ ድካምና የንፍፊት እብጠት ያመጣል፤ አንዳንዴ ነስርና ሆዱ ላይ ደቃቅ ቀይ ነጠብጣብ። ጊዜው ከልጅዎ ጉዞ ጋር መግጠሙ ብቻ ናፍቆት ያስመስለዋል። መድኃኒቱ ዶክሲሳይክሊን ነው፤ ሐኪም ሲያዝ ብቻ የሚሰጥ፣ ለ1 ኪሎ ክብደት በቀን 10 ሚሊግራም፣ ከምግብ ጋር፣ ለ28 ቀን ያህል። በ2 ቀን ውስጥ ይነቃቃል፤ ስህተቱ የሚሠራው ያኔ ነው፣ «ዳነ» ተብሎ ይቋረጥና በሽታው ይመለሳል። ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ ከሆነ ግን ባቤዢያ የሚባለው ሌላ መዥገር ወለድ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ሕክምናውም ሌላ ነው። ስለዚህ ከተቻለ ደሙ በማይክሮስኮፕ ቢታይ ጥሩ ነው። የወረዳው ክሊኒክ ካልቻለ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ያለው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፤ እዚያ ይጠይቁ።

መዥገሩን በወረንጦ ቆዳው ጥግ ይዘው ቀጥ አድርገው ቀስ ብለው ይሳቡ። ላምባ አያፍሱበት፣ በጣት አይጭመቁት። የዚህ መዥገር እንስት በሺህ የሚቆጠር እንቁላል የምትጥለው ግድግዳ ስንጥቅና የውሻው መኝታ ስር ነው፤ መኝታውን አውጥተው ያቃጥሉ፣ ስንጥቁን በጭቃ ይምረጉ። ለፍየሎቹ የሚረጩትን ዲያዚኖን ግን ውሻው ላይ አያፍሱ። ቆዳው ይመጠዋል፣ ይልሰዋልም፤ ለሃጭ፣ መንቀጥቀጥ፣ ተቅማጥ ያመጣበትና ሊሞት ይችላል። ለሰው የሚሰጡትን ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና ፓራሲታሞልም እንዲሁ አይስጡት።

ለውዝ ስለሚያመርቱ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ከተለየው ሻጋታ ለውዝ ወይም ፋጉሎ ለውሻው ይደርሰዋል? የለውዝ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይዞ የውሻን ጉበት ያጠፋል። ከዛሬ ጀምሮ ይቁም፤ ድዱ ወይም የዓይኑ ነጭ ቢጫ ከሆነ ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩ።

ባለቤትዎ የሚሉትን ንቄ አይደለም። ውሻ ሰው ይናፍቃል፤ ምግብ ይቀንሳል፣ ጨዋታ ይተዋል። ግን የናፈቀ ውሻ ይፈልጋል። በር ላይ ይቀመጣል፣ የልጁን ልብስ ያሸታል፣ ሞተር ሲሰማ ጆሮውን ያቆማል፤ የሚወደው ቁራጭ ሥጋ ሲሰጠው ብዙውን ጊዜ ይበላል፣ ሲነኩትም አይቆጣም። የታመመው ሥጋውን አሽትቶ ፊቱን ያዞራል፣ ለታወቀ ድምፅም ጭራውን አያነቃንቅም። ዛሬ በዚህ ይፈትኑት። ሙቀቱ፣ ድዱና አንገቱ ደህና ከሆኑ ናፍቆት ነው እንበል፤ ያኔ ሁልጊዜ አንድ ሰው፣ ልጁ በሚያበላበት ሰዓት ያብላው፣ ጠዋት ፍየል ሲሰማራ አብሮ ይሂድ። ቀስ በቀስ ይመለሳል።

ለጅቡ አለመጮሁን በተመለከተ፣ ፍርሃትና ድካም ይለያያሉ። የፈራ ውሻ ጭራውን እግሩ መካከል ይከታል፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ያስተኛል፣ ሳይርበው ከንፈሩን ይልሳል፣ ሳይደክመው ያዛጋል፣ የዓይኑ ነጭ በጎን ይታያል፣ ወደ ቤቱ በር ይጠጋል፤ ሲነጋ ግን ተነስቶ ይበላል። የደከመው ቀንም ሌሊትም አንድ ቦታ ነው። ጀርባውን ካጎበጠ ወይም የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደረቱን መሬት አስነክቶ ቂጡን አንስቶ ከቆየ ሆዱን አሞታል። ጭራ ሁሉ ደስታ አይደለም፤ ቀጥ ብሎ ከፍ ያለና ቶሎ ቶሎ የሚወዛወዝ ጭራ ከተገተረ ሰውነት ጋር ሲሆን ለጠብ መዘጋጀት ነው። ደስታው ወገቡ ድረስ ልል ብሎ ይወዛወዛል። ለትንሿ ልጅዎ ይህን አንዱን ብቻ ያስተምሯት፤ ውሻ ድንገት ደርቆ ከቆመ እጇን ትሰብስብ።

ሲድን ሐኪሙ የእብድ ውሻ ክትባት ይስጠው፣ በየዓመቱም ይደገም። ፍየል ወይም በግ ሲያርዱ ጭንቅላቱን፣ ሳንባውንና ጉበቱን ጥሬውን አይጣሉለት። አዙሪት የያዘውን በግ ጭንቅላት የበላ ውሻ ኮሶ ትል ያፈራል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ግጦሹ ላይ ይወድቅና መንጋው እንደገና አዙሪት ይይዘዋል። ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ደግሞ ለሰውም የሚተላለፍ ትል ያመጣል። እነዚህን ይቅበሩ፤ እንዲህ ያለ የሆድ ዕቃ ሲያገኝ ለኖረ ውሻ ፕራዚኳንቴል የሚባል የትል መድኃኒት ለ1 ኪሎ ክብደት 5 ሚሊግራም በየ6 ሳምንቱ ይሰጠዋል።

ክሊኒክ ሲሄዱ የሦስት ማለዳ ትንፋሹንና ሙቀቱን፣ የድዱን ቀለም፣ ምን ያህል እንደበላና የሽንቱን መልክ በወረቀት ይዘው ይሂዱ። ሙቀቱ ከ40 ካለፈ፣ ድዱ ከነጣ ወይም አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ካልጠጣ ግን ሦስቱን ማለዳ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይውሰዱት።