ዶክተርዬ፣ ለገጣፎ ያለው ቪላ ለማን ነው?

ውጭ አገር ብዙ ዓመት በሐኪምነት ሠርቼ አሁን የምኖረው ለገጣፎ ነው። ጎረቤቶቼ አብዛኞቹ ዲያስፖራ ናቸው ይባላል። «ይባላል» ያልኩት አይቻቸው ስለማላውቅ ነው። የማየው ዘበኞቻቸውን ነው። ገና ወደ ውጭ ለሄዳችሁት ሐኪሞች ሥራና ኑሮን ስለ ማስማማት እንደ ታላቅ ወንድም ልናገር። ቅር የሚለው ይለፈው።

1. ወረቀቱ። ፈተናው፣ ምዝገባውና ቪዛው ያደክማል፤ ግን መመሪያው ተጽፎ ተቀምጧል። እንደተጻፈው አድርጉ፣ አለቀ።

2. ሰዓቱ። አሜሪካ ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ እየተማረ የሚሠራ ሐኪም) ከሆናችሁ የሥራ ሰዓት ጣሪያው በአራት ሳምንት አማካይ በሳምንት 80 ሰዓት ነው። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲሁ ነው። እንግሊዝ የአማካዩ ጣሪያ በሳምንት 48 ነው፤ ከዚያ በላይ ልሥራ ብላችሁ ካልፈረማችሁ። የኛ ልጆች ግን «ሰነፍ እንዳይሉኝ» እያሉ የሠሩበትን አሳንሰው ይመዘግባሉ። አገር ቤት ዲዩቲ አድሮ ሳይተኙ ራውንድ መውጣት እንደ ጀግንነት ይቆጠር ነበር። እዚያ ጀግና የሚላችሁ የለም። የሠራችሁበትን ሰዓት በትክክል ጻፉ።

3. ገንዘቡ። ስለ ስትረስ ሲነሳ ሁሉም ስፖርት፣ እንቅልፍ፣ ጸሎት ይላል። ጥሩ። ግን የማውቃቸው የኛ ሐኪሞች የዛሉት በራሳቸው ላይ በደረቡት ትርፍ ሺፍት ነው። የሺፍቱ ገንዘብስ የት ይገባል? ወደ ለገጣፎ፣ ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ሰንዳፋ። አጥርና ሴራሚክ ይሆናል።

ፊት ለፊቴ ያለው ጂ ፕላስ ሁለት የሐኪም ባልና ሚስት ነው። የሚኖሩት ውጭ ነው፤ እሱ ሌሊት፣ እሷ ቀን ትሠራለች። «ልጆቹን ታብሌት ነው የሚያሳድጋቸው» አለችኝ ራሷ። አንድ ቀን ደወለችና «ጋሼ፣ እስቲ ኮርኒሱን ይዩልኝ» አለች። ገብቼ አየሁላት። ሻወሩ ፕላስቲኩ እንኳ አልተነሳለትም። ዘበኛው ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ከነሚስቱ ከነልጆቹ ይኖራል። ጓሮ ጎመን ተክሏል። ማታ ከልጆቹ ጋር ራት ይበላል። በዚህ ሰፈር ሥራና ኑሮን አስማምቶ ያየሁት ሰው እሱ ብቻ ነው።

ቤቱ ደግሞ አያልቅም! ሲሚንቶ ሲወደድ እናንተ ሺፍት ትጨምራላችሁ። ወንድማችሁ «ትንሽ ነው የቀረው» ይላል። አምናም ይኼንኑ ብሏል። ለበሽተኛ ካንሰር አለብህ ብላችሁ የምትናገሩ ሰዎች፣ ለወንድማችሁ «ዘንድሮ አልችልም» ማለት እንዴት አቃታችሁ?

ቤት አትሥሩ አላልኩም። እናታችሁ የምትገባበት ከሆነ ይባረክ። ግን ከመደበኛው ደሞዝ ይሁን። በወር የምትልኩትን ቁረጡ፣ ለሁሉም አንድ ቀን ንገሩ። ከዚያ በላይ ሲጠየቅ ሺፍት ከመውሰድ ግንባታውን አቁሙት። ያለቀለት ቤትም ባዶውን ከሚቆም አከራዩት። እዚህ ቤት ፈላጊ ሞልቷል። ልጆቻችሁ ግን አያቶቻቸውን በስልክ ብቻ ነው የሚያውቁት፤ ለሴራሚኩ የወጣው ገንዘብ ስንት ክረምት ቲኬት ይገዛላቸው እንደነበር ሳስብ ያንገበግበኛል።

4. ሕመሙ። እንቅልፍ እምቢ ሲል፣ በሽተኛ ማየት ሲያስጠላችሁ፣ ታከሙ። «ፈቃዴን ይነጥቁኛል» ብለው ደብቀው የተጎዱ ጓደኞች አሉኝ፤ ዛሬም ይቆጨኛል። እንግሊዝ ለሐኪሞች ምስጢር የሚጠብቅ ነጻ ሕክምና አለ። አሜሪካ ጭንቀት ሲበረታ ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲመጣ ቀንም ሌሊትም 988 ይደወላል። ቁጥሩን አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።