‹‹ሳይሰለፍ ቤት ገዛ›› ምን ነውር አለበት?

ጥያቄ፦ የስፖርት ዜና እተረጉማለሁ። በቅርቡ የእንግሊዝ ጋዜጦች ስለ ጥቁር ተጫዋቾች አጻጻፍ በሚተች ጽሑፍ ውስጥ ‹‹አንድም የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በቋሚነት ሳይሰለፍ የተንጣለለ ቤት ገዛ›› የሚል ርእስ አጋጠመኝ። ስድብ የለበትም፤ የቆዳ ቀለምም አያነሳም። ዘረኝነቱ የቱ ላይ ነው? አርታኢዬ ደግሞ ‹‹ሳይሰለፍ›› የሚለውን ‹‹ባይሰለፍም›› በሚል ለውጠው ብሎኛል። ልዩነት አለው?

መልስ፦ ‹‹ሳይበላ ተኛ›› ስንል የሆነውን መናገራችን ነው። ‹‹ሳይማር ተሾመ›› ስንል ግን ሰውየውን ከሰስነው። የግሱ ቅርጽ አንድ ነው፤ ክሱን የሚያመጣው ‹‹ሹመት ትምህርት ይጠይቃል›› የሚለው የጋራ ግምታችን ነው። ቤት መግዛት ግን ገንዘብ እንጂ ቋሚ ተሰላፊነት አይጠይቅም። ርእሱ ሁለቱን ሲያጣብቃቸው፣ አንባቢው የጎደለውን ‹‹ሳይገባው›› ከራሱ ይጨምርበታል። ሰምና ወርቅ ነው የሚሉ ይኖራሉ። እኔ ያን ያህል ክብር አልሰጠውም፤ በነገር መውጋት ነው።

ርእሱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ዘረኛ ለማለት አልደፍርም ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 የማንችስተር ሲቲው ጥቁር ተጫዋች ራሂም ስተርሊንግ ሁለት የእንግሊዙን ጋዜጣ የዴይሊ ሜይልን ርእሶች ጎን ለጎን በኢንስታግራም ገጹ አወጣቸው። አንደኛው እርስዎ የጠቀሱት ሲሆን ስለ ጥቁሩ የሲቲ ወጣት ተጫዋች ስለ ቶሲን አዳራቢዮዮ የተጻፈ ነው፤ ስሙን ትቶ ዕድሜውን (20)፣ ሳምንታዊ ደመወዙን (25,000 ፓውንድ) እና የቤቱን ዋጋ (2.25 ሚሊዮን ፓውንድ) ይደረድራል። ሁለተኛው ነጩን የክለብ ጓደኛውን ፊል ፎደንን በስሙ ጠርቶ፣ ተስፈኛው ኮከብ በ2 ሚሊዮን ፓውንድ ለእናቱ ቤት ገዛ ይላል። ስተርሊንግ እንደጻፈው ግን ሁለቱም ቤቱን የገዙት ለእናታቸው ነው። ‹‹ለእናቱ›› የምትለዋ አንዲት ቃል ፎደንን እናቱን ጧሪ ልጅ ስታደርገው፣ አዳራቢዮዮ ተነፍጓታል። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ፎደንም በዚያን ጊዜ አንድም የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በቋሚነት አልጀመረም ነበር፤ የመጀመሪያው በኤፕሪል 2019 ከካርዲፍ ጋር የተደረገው ነው። ‹‹ሳይሰለፍ›› ለሁለቱም እውነት ነበር፤ የተጻፈው በአንዱ ላይ ብቻ ነው።

አርታኢዎ ያቀረቡት ‹‹ባይሰለፍም›› ለዘብ ይላል፤ ‹‹ባይሰለፍም ጎበዝ ነው›› ብለን ለማመስገንም እንጠቀምበታለን። እዚህ ግን የሚተረጉሙት ስለ ርእሱ የተነሳውን ወቀሳ ነውና ‹‹ሳይሰለፍ›› ይቆይ፤ ካለዘቡት አንባቢዎ ስተርሊንግ በምን እንደተቆጣ አይገባውም። የቤት ግዢውን ዜና ራሱን የሚሠሩ ቢሆን ሁለቱንም ቃላት ይተዉአቸው እላለሁ።

ሳይጠይቁኝ አንድ ልጨምር። የእኛ ስፖርት ገጾች አዳራቢዮዮን ‹‹ትውልደ ናይጄሪያዊው›› ማለት ይቀናቸዋል። ልጁ የተወለደው ማንችስተር ነው፤ የቤት ግዢ ዜና ላይ የወላጆቹ አገር ምን ይሠራል?