የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በ70 ፊደል ምን ያህል ማስተማር ይቻላል?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ላይ በቅዳሜና እሁድ መርሐ ግብር ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ 50 ናቸው፤ ከብቸና፣ ከደጀን፣ ከሞጣ ይመጣሉ። ብዙዎቹ የያዙት ባለ ቁልፍ ስልክ ስለሆነ ቴሌግራሙ አልሠራልንም። በጽሑፍ መልእክት ስሞክር ደግሞ አንዱ ማሳሰቢያ የሦስት ተቆረጠብኝ። ለምን ይሆን? ከማሳሰቢያ ያለፈስ ጥቅም አለው?

መልስ፦ ሂሳቡን ያበዛው የፊደሉ ብዛት ነው። አንድ መልእክት 140 ባይት (የመረጃ መጠን መለኪያ ነው) ይይዛል። በላቲን ሲጻፍ አንዱ ፊደል ከ1 ባይት ያነሰ ስለሚወስድ 160 ፊደል ይገባበታል፤ የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ 2 ባይት ስለሚወስድ በ70 ይሞላል። ክፍት ቦታውም አራት ነጥቡም ይቆጠራል። 70 ካለፈ ስልኩ ይከፋፍለዋል፤ ክፍሎቹን የሚያገጣጥመው ምልክት ቦታ ስለሚሻማ በየክፍሉ የሚተርፈው 67 ነው። ስለዚህ 71 ፊደል የሁለት፣ 135 ፊደል የሦስት ይቆረጣል፤ ለ50 ተማሪ 150 መልእክት መሆኑ ነው።

«ውድ ተማሪዎቼ እንደምን ሰነበታችሁ፣» ብቻውን 22 ፊደል ይበላል። ሰላምታው በአካል ሲገናኙ ይድረስ፤ መልእክቱን እንዲህ ያሳጥሩት፦ «ስታት፦ ቅዳሜ ከሰዓት 8፡30 ክፍል 12 የምዕራፍ 3 ፈተና አለ። ካልኩሌተር ይዛችሁ ኑ።» ይህ 56 ነው። «ከሰዓት» የምትለዋን አይቁረጧት፤ ብዙ ስልክ የሚያሳየው የፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ 8፡30ን ጠዋት ነው ብሎ የሚያነብ አይጠፋም። የሚልኩትም ሐሙስ ማታ ይሁን፤ ከሞጣ የሚመጣው ተማሪ ዓርብ መንገድ ላይ ነው።

ትልቁ ጥቅሙ ግን ከማሳሰቢያው ይልቅ በሁለት ቅዳሜ መካከል ተማሪው ስለ ትምህርቱ እንዲያስብ ማድረጉ ላይ ነው። ረቡዕ ማታ አንድ ጥያቄ ብቻ ይላኩ፦ «የ17፣ 12፣ 19፣ 14፣ 13 ሚዲያን ስንት ነው? 1) 19 2) 14 3) 15 4) 7»። ሚዲያን ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለው ስለሆነ መልሱ 14 ነው። 19 ያለው ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ሳይደረድር መሐሉን ወስዷል፤ 15 ያለው ከአማካይ ጋር፣ 7 ያለው በትልቁና በትንሹ መካከል ካለው ልዩነት ጋር አምታቶታል። እያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ አንድ የታወቀ ስህተት ይወክል፤ አለበለዚያ መልሱን ቢቆጥሩትም ምንም አይነግርዎትም። ብዙዎች 15 ካሉ የቅዳሜ የመጀመሪያ 10 ደቂቃዎ በምን እንደሚያልፍ ታወቀ።

ምርጫውን በሀ፣ ለ፣ ሐ አያድርጉት፤ በባለ ቁልፍ ስልክ አማርኛ መጻፍ ለብዙው አይሆንለትም። መልሶቹም ከ1 እስከ 4 ካሉት የምርጫ ቁጥሮች ጋር አይመሳሰሉ፤ «4» ብሎ የላከው መልሱን ይሁን ምርጫውን አይለይም። ተማሪው ከምርጫው ቀጥሎ የመታወቂያ ቁጥሩን ይጻፍ፤ በሰው ሲም የሚልክ ብዙ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት ክፍል ውስጥ አንድ የሙከራ መልእክት ይላኩና ስልካቸውን ይመልከቱ። ፊደሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ የሚታይባቸውን ለይተው ለእነሱ አማርኛውን በላቲን ይጻፉላቸው፤ አንዲት የግዕዝ ፊደል ከገባችበት ግን መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል። ስልክ ቁጥሮቹን በኤክሴል ሲመዘግቡ ዓምዱን አስቀድመው ወደ ጽሑፍ ይቀይሩት፤ ካልሆነ የ09 እና የ07 መነሻዋን ዜሮ ይውጣታል። ስማርት ስልክዎ ላይም የቡድን መልእክት ቅንብሩን ለየብቻ እንዲልክ ያድርጉት፤ አለበለዚያ ወደ ኤምኤምኤስ (ሥዕልና ድምፅ ወደሚላክበት የመልእክት ዓይነት) ይቀየርና ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ ላይደርስ ይችላል፤ የሁሉም ቁጥር ለሁሉም ሊታይም ይችላል።

ጥያቄ፦ የፈተና ውጤትስ በመልእክት ቢላክ?

መልስ፦ አይላኩ። ስልኩ የባል፣ የሚስት ወይም የእህት ሊሆን ይችላል፤ አንድ አሃዝ ከተሳሳተም የተማሪው ውጤት ለማያውቀው ሰው ይደርሳል። «የስታት ውጤት ወጥቷል፤ ቅሬታ እስከ ማክሰኞ» ይበቃል።