ካናዳ ለመምጣት ለምታስቡ ልጆቼ

ልጆቼ፣

በየወሩ ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር ወይም ከሐዋሳ አንድ ወጣት ይደውልልኛል። አብዛኞቹ እንደ እኔ መሐንዲሶች ናቸው። «ጋሼ፣ ካናዳ እንዴት ነው?» ይሉኛል፤ እኔም «የትኛው ካናዳ?» ብዬ እመልሳለሁ። ዝም ሲሉ ይሰማኛል። ላሳፍራቸው ብዬ አይደለም። እኔን በጊዜው እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ስድስት ዓመት ባላባከንኩ ነበር።

ቶሮንቶ የገባሁት የአክስቴ ልጅ እዚያ ስለነበረ ብቻ ነው። የአገሪቱ ትልቋ ከተማ ናት፤ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ እንጀራ ተገዝቶ፣ ቡና ተጠጥቶ፣ የአገር ወሬ ተሰምቶ ወደ ቤት ይገባል። ለብቸኛ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን መንገድና ድልድይ የተማርኩት ሰው በመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ትኬት እየቆረጥኩ ስድስት ክረምት አለፈብኝ። ሙያዬን የሚፈልግ ሌላ ከተማ በዚያው አገር ውስጥ እንዳለ አልጠየቅኩም።

በኋላ የሥራ ማስታወቂያ አይቼ ዊኒፔግ ሄድኩ። ከተማዋ የማኒቶባ ዋና ከተማ ናት፤ ብርዷ የታወቀ ነው፣ ወዳጆቼም «አበድክ?» ብለውኝ ነበር። በቃለ መጠይቁ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ አፈር ነበር። ዊኒፔግ የቆመችው በጥንት ዘመን ሐይቅ በነበረ ሜዳ ላይ ነው፤ አፈሩ ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ሸክላ ነው። እኔ ደግሞ ወጣትነቴን ያሳለፍኩት በቦሌና በቃሊቲ ጥቁር መረሬ ላይ መንገድ ስሠራ ነው! አንድ ሰዓት ያህል ተናገርኩ። ያን ቀን ከአገሬ ይዤው የመጣሁት እውቀት ክብደት እንዳለው ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማኝ።

የዊኒፔግ ሌላው ጣጣ ሬድ የተባለው ወንዝ ነው። ከአሜሪካ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ይፈስሳል፤ በጸደይ የደቡቡ በረዶ ቀድሞ ሲቀልጥ ሰሜኑ ገና ግግር ስለሆነ ውሃው መሄጃ ያጣል። በ1950 (ዓመታቱን በኤውሮፓ አቆጣጠር ጽፌያለሁ) ጎርፉ 100,000 ያህል ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቀለ። ከዚያም ከ1962 እስከ 1968 ድረስ ከተማዋን የሚዞር 47 ኪሎ ሜትር ቦይ ተቆፈረ። በ1997 ከዚያ የባሰ ጎርፍ ሲመጣ ከተማዋን ያዳናት ይህ ቦይ ነው። መሐንዲስ የሆናችሁ ዊኒፔግ ከመጣችሁ የቦዩ ውሃ መቆጣጠሪያ በር ድረስ እኔ ራሴ እወስዳችኋለሁ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ካናዳ 10 ክፍለ ግዛቶችና 3 የሰሜን ግዛቶች አሏት። የመሐንዲስም ሆነ የነርስ የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው ኦታዋ ያለው የፌዴራል መንግሥት ሳይሆን በየክፍለ ግዛቱ በሕግ የተቋቋመ አካል ነው። ስለዚህ አውሮፕላን ከመሳፈራችሁ በፊት የምትገቡበትን ክፍለ ግዛት መመሪያ አንብቡ። ለምሳሌ ቶሮንቶ ያለችበት ኦንታሪዮ ከ2023 ወዲህ መሐንዲሶችን «የካናዳ የሥራ ልምድ» አትጠይቅም።

ቋንቋውም እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ በ1969 በወጣው ሕግ በፌዴራል ደረጃ እኩል የሥራ ቋንቋዎች ናቸው፤ ከክፍለ ግዛቶቹ ግን ሁለቱንም በይፋ የምትጠቀመው ኒው ብረንስዊክ ብቻ ናት። በኬቤክ ክፍለ ግዛት የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው። እዚያ ያለችው ሞንትሪያል ውብ ከተማ ናት፣ የቤት ኪራይዋም ከቶሮንቶ ይቀላል፤ ነገር ግን ፈረንሳይኛ ሳይችሉ በሙያ መሥራት ከባድ ነው። ኬቤክ ሠራተኛ ስደተኞቿንም የምትመርጠው ራሷ ናት። ኦታዋም ወንዟን ብትሻገሩ በኬቤክ በኩል ያለችው ጋቲኖ ላይ ቋንቋው ይለወጣል።

ፈረንሳይኛ ለእኛ ሩቅ እንዳይመስላችሁ። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን የመሩት፣ በ1950ም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆኑት ዶክተር ሉሲየን ማት ከኬቤክ የመጡ ኢየሱሳዊ ካህን ነበሩ። ዛሬ አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ፈረንሳይኛ የሚያስተምረው አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ በአጠገባችሁ ነው። የማመልከቻችሁን ምላሽ እየጠበቃችሁ ሁለት ዓመት ከምትቆዝሙ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ፈረንሳይኛ ተማሩ። ለቋሚ መኖሪያ በነጥብ ስትመዘኑም ተጨማሪ ነጥብ ያስገኛል። እኔ በሃምሳ ዓመቴ ጀምሬው አንደበቴ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ይቆጨኛል።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ፦ ካልጋሪና ኤድመንተን ነዳጅ ሲወደድ ሥራቸው ይደምቃል፣ ሲረክስ ይቀዘቅዛል። ቫንኩቨር ክረምቷ ለስላሳ ነው፣ ቤቷ ግን እሳት ነው። ሃሊፋክስ ከ1928 እስከ 1971 ድረስ አንድ ሚሊዮን ያህል ስደተኞች በመርከብ የገቡባት ወደብ ናት፤ ዛሬም ሰው ትፈልጋለች። በሰሜን ኢካሉዊት ደግሞ ከሥር ያለው መሬት ዓመቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ የጠጠረ ስለሆነ ቤቱ በቋሚ ምሰሶ ላይ ይሠራል፤ ለደፋር ወጣት መሐንዲስ ከዚያ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም።

ስትደውሉልኝ የሦስት ከተሞች ስም ጽፋችሁ ያዙ፤ ለምን እንደመረጣችኋቸውም ንገሩኝ። ሰዓቱን አትርሱ፤ እዚህ በሚሞቅባቸው ወራት ከእኔ 8 ሰዓት፣ በብርዱ ወራት 9 ሰዓት ትቀድማላችሁ። ቅዳሜ ወደ ማታ ብትደውሉ ቡናዬን ስጠጣ ታገኙኛላችሁ።