«ቀልጣፋ» ሁሉ ፈጣን ነውን?

ጥያቄ፦ «ፈጣንና ቀልጣፋ አገልግሎት» የሚል ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር ግራ ይገባኛል። ሁለቱ ቃላት አንድ ከሆኑ መደጋገሙ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ አንድ አይደሉም። ጸሐፊው አውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ ማስታወቂያው ትክክል ነው። ፍጥነት የጊዜ ነው፤ ቅልጥፍና የእጅ። ልብስ ሰፊ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ባንዴ አሾልኮ፣ ጫፉን በሌባ ጣቱና በአውራ ጣቱ መሀል ጠቅልሎ ከቋጠረ፣ ስፌቱንም ሳይፈታ ሳይደግም ከዘለቀ ቀልጣፋ ነው። ቀድሞት የጨረሰው ባልደረባው ጨርቁን ካሸበሸበው ፈጣን ይባል እንጂ ቀልጣፋ አይባልም።

ሰዓት ዐሥር ደቂቃ ቢቀድም «ፈጥኗል» እንላለን፤ «ቀልጥፏል» የሚል የለም። «አቀላጥፎ ይናገራል» ስንልም ሳይደናቀፍ፣ ቃል ሳይቸግረው ማለታችን ነው። እየተንተባተበ የሚጣደፍ ሞልቷልና።

ግሡ ባለ አራት ፊደል ነው፦ ቀለጠፈ፣ «ጠ» ጠብቆ። ቅጽሉ እንደ ደልዳላና ሸንቃጣ «ቀልጣፋ» ሲሆን ጥብቀቱ ወደ «ፋ» ይሻገራል። ስሙ እንደ ሽምግልናና ምንኩስና በ«ና» ያልቃል። «ቀልጣፋነት» ስሕተት ባይሆንም ለጆሮዬ ይሻክረኛል።

«ክህሎት በሉትና ተገላገሉ» የሚሉ አሉ። ክህሎት ሌላ ነው። ሥሩ የግእዙ «ክህለ» ነው፤ የእኛ «ቻለ»ም «ከ» ወደ «ቸ» ተለውጦ፣ «ህ» ተውጦ የወጣው ከዚያው ነው። እንግዲህ ክህሎትና ችሎታ ያንድ እናት ልጆች ናቸው። ደግሞም የግእዙ አርእስት፣ ማለትም የእኛ «መቻል» አቻ፣ «ክሂል» ወይም «ክሂሎት» ስለ ሆነ በ«ሂ» መጻፍ ነበረበት። ጋዜጣውም መማሪያ መጽሐፉም በ«ህ» ዘግተውታል፤ እኔ ግን ክሂሎት እያልሁ እጽፋለሁ። ለማንኛውም ክሂሎት በትምህርት የሚገኝ ዕውቀትንም ያጠቃልላል። የሰዓቱን ጥርስ ሁሉ ለይቶ የሚያውቅ ጠጋኝ ብሎኑን ለመፍታት እጁ ቀርፋፋ ሊሆን ይችላል።

ተከራካሪዬ «ሕዝቡ ቀልጠፍ በል ሲል ፍጠን ማለቱ ነው» ይላል። ሥራ ለያዘ ሰው ከተባለ ዐረፍተ ነገሩ ለእኔ ይመሰክራል። «ቀልጠፍ ብለህ ና» ሲባል ግን መጪው በእጁ የሚሠራው የለም፤ እዚህ ላይ ሳልወድ እረታለሁ። «የሞተር ቅልጥፍና» የሚለውም አይዋጥልኝም፤ ሞተር ምን እጅ አለውና! ሆኖም ባነሰ ነዳጅ ብዙ መሥራትን ለመግለጽ ገብቷል፤ የሚወጣም አይመስልም።

እንግዲህ ቦታ ጠቦዎት ከማስታወቂያው አንዱን ቃል መሰረዝ ካለብዎ፣ «ፈጣን»ን ይሰርዙ። «ቀልጣፋ» ዛሬ ፍጥነቱን አስከትሎ ይመጣል፤ «ፈጣን» ግን ስለ ሥራው ጥራት ምንም አይናገርም።