ያቆምሽው ካርድ ለምን ይተኛል?

አንዲት አንባቢ ለእንቁጣጣሽ የሚሆኑ ካርዶች እየሠራች ነው። ባለ 250 ግራም (በካሬ ሜትር 250 ግራም የሚመዝን) ኤፎር ወረቀት በግማሽ አጥፋ እንደ ድንኳን ታቆመዋለች። ፊቱ ላይ የጥለት ቁራጭና ከቢጫ ወረቀት የተቆረጠ አደይ አበባ ትለጥፍበታለች። ማታ ያቆመችው ካርድ ጠዋት እግሩን ዘርግቶ ተኝቶ ይገኛል። እጥፋቱም ተሰነጣጥቆ ነጭ ነጩ ይታያል። «ወፈር ያለ ወረቀት ልግዛ ወይ?» ትላለች።

እህቴ፣ ተይው፣ አትግዢ። 250 ግራም ለካርድ በቂ ነው። አስተጣጠፍሽን ሳትቀይሪ 300 ግራም ብትገዢ ስንጥቁ ይብስብሻል። ችግሩ ያለው ወረቀቱ በየት በኩል እንደታጠፈ ላይ ነው።

ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ፣ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ክሮች በብዛት ማሽኑ በሚሄድበት አቅጣጫ ይተኛሉ። እንጨት በቁመቱ በቀላሉ እንደሚፈለጠው ሁሉ፣ ወረቀትም ክሩን ተከትሎ ሲታጠፍ እሺ ይላል። ክሩን አቋርጠሽ ካጠፍሽው ግን ይሰበራል፤ ተመልሶ ለመዘርጋትም ይታገላል። ማታ ያቆምሽው ካርድ ጠዋት የሚተኛው ለዚህ ነው። እጥፋቱ ሌሊቱን ሙሉ እግሮቹን ወደ ውጭ ሲገፋ ያድራል።

አብዛኛው ኤፎር ክሩ በረጅሙ ጎን፣ ማለትም በ297 ሚሊ ሜትሩ በኩል ይሄዳል። አንቺ ደግሞ በግማሽ ስታጥፊው ልክ ያንን ክር አቋርጠሽ ነው። ለማረጋገጥ ወረቀቱን ሳትሰብሪ መጀመሪያ በአንዱ፣ ቀጥሎ በሌላው በኩል ለስለስ አድርገሽ ጎንበስ አድርጊው። በእጅሽ ታውቂዋለሽ፤ አንደኛው በኩል ይለሰልሳል፣ ሌላው ይገፋሻል። እጥፋትሽ መሆን ያለበት በለሰለሰው በኩል ነው።

መፍትሔው ብር አያስወጣም። ኤፎሩን አታጥፊው፣ መሃል ለመሃል ለሁለት ቁረጪው። እያንዳንዱ ቁራጭ 148 በ210 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚያ 210ሩን በግማሽ እጠፊ። አሁን እጥፋቱ ከክሩ ጋር አብሮ ሄደ፤ ከአንድ ወረቀትም ሁለት ካርድ ወጣልሽ። ካርዱን እንደ ድንኳን ሳይሆን እንደ ተከፈተ መጽሐፍ አቁሚው። ክሩ ከታች ወደ ላይ ስለሚቆም ፊቱ አይጎብጥም።

ከማጠፍሽ በፊት መስመር አስይዢው። ቀለሙ ያለቀ እስክሪፕቶና የብረት ማስመሪያ ይበቃሻል። ከሥር አሮጌ መጽሔት አንጥፊ፤ ሥሩ ጠንካራ ከሆነ መስመሩ አይገባም። አንዴ በኃይል ከመጫን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ ብሎ መመላለስ ይሻላል። በከተር ግን አታስምሪ፣ ክሩን ይቆርጠዋል። ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ፦ መስመሩን የምትጫኚው ከካርዱ የውጭ ፊት ነው። የምታጥፊውም ከተጎደጎደው ተቃራኒ ነው። ከጀርባ የወጣችው ትንሽ ጉብታ እጥፋቱ ውስጥ መቅረት አለባት። በተቃራኒው ካጠፍሽው የላይኛው ሽፋን ይወጠርና ይሰነጠቃል።

ባለቀለም ወረቀት ስትገዢ ጥግ ላይ ትንሽ ቀደድ አድርገሽ ውስጡን እዪ። ውስጡ ነጭ ከሆነ ቀለሙ ላይ ላዩን ብቻ ነው። ትንሽም ስንጥቅ ያጋልጠዋል።

የካርዱን ግርጌ አስተካክሎ መቁረጥን ለመጨረሻ ተዪው። ካጠፍሽ በኋላ ሁለቱን ገጾች አንድ ላይ ይዘሽ፣ ከእጥፋቱ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ጠብቀሽ፣ በአንድ ምት። አንዱ ገጽ በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ከረዘመ ካርዱ ይወላገዳል።

አሁን ወደ ኮላው። ወቅቱ ነሐሴ ነው፤ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ወረቀቱን እስክትሠሪበት ድረስ ከላስቲኩ አታውጪው። ፈሳሽ ኮላ በአንድ በኩል ብቻ ሲቀባ ወረቀቱን ያርሰዋል፤ ሲደርቅ ደግሞ ስቦ ያጣምመዋል። ለአበባው ስቲክ ኮላ በቂ ነው። ለጥለቱ ባለሁለት ገጽ ፕላስተር ተጠቀሚ። ኮላ በጨርቁ አልፎ ይወጣና እድፍ ይተዋል፤ ያንን የመሰለ የእጅ ሥራ በኮላ ማበላሸት ያሳዝናል። ለጥፈሽ ስትጨርሺ በከባድ መጽሐፍ ሥር አሳድሪው።

ጌጡ ከበድ ካለ ደግሞ ካርዱን እንደ ፎቶ ፍሬም ጋደም አድርጎ ማቆም ይቻላል። ያጠፍሽውን ካርድ፣ እጥፋቱ ከአንቺ በሚርቀው በላይኛው ጎን ሆኖ፣ ጠረጴዛ ላይ አስተኚው። የላይኛውን ገጽ መሃል ለመሃል፣ ከእጥፋቱ ትይዩ አስምሪና የታችኛውን ግማሽ ወደ ውስጥ መልሰሽ እጠፊው፤ ከዚያ ዘርጊው። በካርዱ ልክ ሌላ ወረቀት ቁረጪ፤ ጌጡ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱን ካስመርሽው ገጽ ላይ ለጥፊው፤ ኮላ የምትቀቢው ግን የገጹን የታችኛውን ግማሽ ብቻ ነው፤ የላይኛው ግማሽ ነፃ ይሁን። ካርዱ ሲከፈት ጌጡ ይነሳል። የሥረኛው ገጽ ላይ፣ ከዋናው እጥፋት ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ሁለት ሦስት ድርብ የካርቶን ቁራጭ ለጥፊ። የጌጡ ግርጌ እሱ ላይ ተደግፎ ይቆማል። ቁራጩን ወደ እጥፋቱ ካስጠጋሽው ጌጡ ቀጥ ይላል፤ ካራቅሽው ጋደል ይላል። ሳትለጥፊ በፊት በእጅሽ ይዘሽ ሞክሪው።

ቀድመሽ የሠራሻቸውንም አትጣያቸው። ለተሰነጠቀው እጥፋት ቀጭን የጥለት ቁራጭ በርዝመቱ ለጥፊበት፤ ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል። እግሩ ለሚንሸራተተው ድንኳን ደግሞ ከግርጌው አንድ ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለሽ ሁለቱንም ገጾች በመርፌ ብሺና ክር አሳልፊ። በመካከላቸው 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ክር ትተሽ በሁለቱም በኩል ቋጥሪው። ከዚያ በላይ አይከፈትም።